አራቱ ሺምፐሮች

በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ለንደን ዳር ባለው የኪው የዕፅዋት መዘክር ወይም በደቡብ ጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ የደረቁ ዕፅዋት የተቀመጡባቸው ቁም ሣጥኖች ሲከፈቱ፣ ከኢትዮጵያ በሄደው ክምር ውስጥ አንድ ዓይነት ወረቀት ደጋግሞ ይወጣል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ስፋቱ ከተከፈተ መዝገብ ገጽ ይበልጣል። በላዩ ላይ ተጨፍልቆ የደረቀ ቅርንጫፍ በክር ወይም በሙጫ ተይዟል። አረንጓዴው ወደ ቡና ዓይነት ተለውጧል፤ አበባው ቀለሙን ለቋል፤ የቅጠሉ ጅማትና የግንዱ ፀጉር ግን ትናንት የተቆረጠ ያህል ይታያል። ከታች በኩል በማተሚያ የታተመ ትንሽ ምልክት ተለጥፏል። በላቲን የተጻፈው ምልክት የሺምፐር የሐበሻ ጉዞ፣ ክፍል አንድ፣ የዓድዋ ዕፅዋት ይላል። ከዚያ ተራ ቁጥር፣ የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ ይከተላል። ከቦታዎቹ አንዱ ሶሎዳ ነው።

ሶሎዳን ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያውቀው ከዓድዋ ጦርነት ጋር ነው። ከጦርነቱ 60 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በተራራው ጥግ ለጥግ እየዞረ ሣርና ቁጥቋጦ የሚለቅም አንድ ጀርመናዊ ነበር። ስሙ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። ዓድዋ የገባው በ1837 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሞተውም እዚያው ዓድዋ፣ በ1878 ነው።

ይህን ሰው ከሌላ ሺምፐር ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ አራት ሺምፐሮች ወጥተው አራቱም የዕፅዋት ሊቅ ሆነዋል፤ ሦስቱ ደግሞ በስማቸው ውስጥ ቪልሄልም የሚል አለበት። ካርል ፍሪድሪሽ የዓድዋው ቪልሄልም ታላቅ ወንድም ነው፤ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ለዓለም የሰጠው እሱ ነው። ቪልሄልም ፊሊፕ የሁለቱ ወንድማማቾች የአጎት ልጅ ሲሆን፣ ከዳይኖሰሮች መጥፋት ቀጥሎ ለመጣው የምድር ዘመን ስም አውጥቷል። አንድሬአስ ፍራንስ ቪልሄልም የዚህ የመጨረሻው ልጅ ነው፤ ክሎሮፕላስት ለሚለው ቃል መነሻ የሆነው ስያሜና የሐሩር ዝናብ ደን የሚለው ስም የእሱ ናቸው። የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ሁሉ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ሳያገኝ አልቀረም፤ ከጀርባቸው አንድ ቤተሰብ እንዳለ ግን መጽሐፉ አይነግረውም።

ከአራቱ ትንሹን ትምህርት የቀመሰው የዓድዋው ነው። በ1804 ኑረምበርግ አጠገብ ተወልዶ የእጅ ሙያ ለመደ፤ ቀጥሎም በባደን ጦር ወታደር ሆነ። ወታደርነቱን ትቶ ወደ ሙኒክ ሲሄድ ተፈጥሮን መመልከት ያስተማረው ወንድሙ ካርል ነበር። የወንድሙ ጓደኞችም ረዱት። ፕሮፌሰር የሚያደርገው ወረቀት አልነበረውም፤ ሩቅ አገር ሄዶ ዕፅዋት መልቀም ግን ወረቀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጤና፣ ትዕግሥትና ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ነው።

ገንዘቡ የመጣው ከኤስሊንገን ነው። በዚያች የቩርተምበርግ ከተማ ሆክሽቴተር የሚባል ቄስና ሽቶይደል የሚባል ሐኪም አንድ የጉዞ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ በላቲን ስሙ ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ። አሠራሩ ዕቁብም ንግድም ይመስላል። የዕፅዋት ወዳጆች አስቀድመው መዋጮ ይከፍላሉ፤ በተሰበሰበው ገንዘብ ለቃሚ ይላካል፤ ለቃሚው ከእያንዳንዱ ተክል ብዙ ቅጂ አድርቆ ይልካል፤ ሁለቱ ሰዎች ለይተው፣ ስም አውጥተው፣ ምልክት አሳትመው፣ ለከፋዮቹ በየድርሻቸው ያከፋፍላሉ። ሺምፐር በዚህ መንገድ መጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይና አልጄሪያ፣ ቀጥሎ ግብፅ፣ ሲናና ዓረብ ምድር ተላከ። ከዓረብ ምድር ቀይ ባሕርን ሲሻገር የሚጠብቀው ምጽዋ ነው፤ ከምጽዋ ወደ ላይ ደግሞ ትግራይ።

ዕፅ መልቀም ቀላል ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ቅርንጫፉ አበባውና ፍሬው ሳይረግፍ ይቆረጣል፤ ውኃ በሚመጥ ወረቀት መካከል ተዘርግቶ በሰሌዳና በድንጋይ ይጫናል፤ ወረቀቱ በየቀኑ በደረቅ ይለወጣል። ባይለወጥ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። በደጋው ክረምት ተክሉ ሁሉ የሚያብበው ወረቀት በማይደርቅበት ጊዜ ነውና ለቃሚው ከእሳት አጠገብ አይርቅም። ከአንድ ተክል አንድ ቅርንጫፍ አይበቃም፤ ለከፋዮቹ ሁሉ መድረስ አለበት። ከዚያ ጭነቱ ታስሮ በእንስሳ ጀርባ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ይወርዳል። ሺምፐር ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ለጥቂት ወራት አይደለም፤ ከሶሎዳ አልፎ ሰሜን ተራራ ድረስ ወጥቶ ቧሒት ላይ ለቅሟል። የቧሒት ስም፣ ጀርመን አጻጻፉ ትንሽ ቢያጣምመውም፣ በላቲኑ ምልክት ላይ አለ።

በዚያ ጊዜ ዓድዋ ለአውሮፓውያን ምቹ ከተማ አልነበረችም። በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሚሲዮናዊ ኢዘንበርግ እዚያው ነበር፤ በ1838 እሱና ጓደኞቹ ተባረሩ። ሺምፐር ግን ቀረ። ሃይማኖት ሊሰብክ ሳይሆን ቅጠል ሊለቅም የመጣ ሰው ማንንም አያሰጋም ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ግን ከዚያም በላይ ነገር አለ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የኤስሊንገኑ ማኅበር ሲፈርስ ሺምፐር ያለ ደመወዝ ቀረ። ያን ጊዜ ትግራይንና ሰሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አስጠጉት፤ እንትጮን ሾሙት። የአገር ሰው አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ካቶሊክ ሆነ። የባደን ጦር የቀድሞ ወታደር የትግራይ ባለ ሹመት ሆኖ ግብር ሲሰበስብ ማየት ዛሬ ያስደንቅ ይሆናል፤ በዘመነ መሳፍንት ግን ሙያ ያለው እንግዳ ሹመት ሲሰጠው አዲስ ነገር አልነበረም።

ውቤ ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ላይ ታላቅ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሺምፐርና ኤድዋርድ ሳንደር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ እጃቸው እንዳለበት ይነገራል። ቤተ ክርስቲያኑ ውቤ ዘውድ ሊደፉበት ያሰቡት ቦታ ነበር ይባላል። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ድል አደረጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የውቤ ውድቀት የሺምፐርም ውድቀት ነበር፤ ሹመቱ ሄደ። በንጉሠ ነገሥቱ መጨረሻ ዘመን ከተያዙት አውሮፓውያን አንዱ ሆኖ መቅደላ ደረሰ፤ በ1868 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ሲገባ ነጻ ወጣ። ሌሎቹ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ወደ 64 ዓመት የተጠጋው ሺምፐር የሄደው ወደ ዓድዋ ነው።

ታላቅ ወንድሙ በዚያን ጊዜ ሞቶ ዓመት አይሞላውም ነበር።

ካርል ፍሪድሪሽ ሺምፐር በ1803 ማንሃይም ተወለደ። ወላጆቹ ተለያይተው በድህነት አደገ። ሃይዴልበርግ ሥነ መለኮት ጀምሮ ወደ ዕፅዋት ኮበለለ። እዚያ ሁለት ጓደኞች አገኘ፤ አንዱ አሌክሳንደር ብራውን፣ ሌላው ሉዊ አጋሲ የሚባል የስዊስ ልጅ። ሦስቱም ከዚያ ሙኒክ ወረዱ። ክፍላቸው የተማሪ ማደሪያ፣ ቤተ ሙከራና መከራከሪያ አዳራሽ ሆነ፤ ሰዉ ትንሿ አካዳሚ ይላት ጀመር። በዚያች ክፍል ውስጥ ሐሳብ የሚፈልቀው ከካርል፣ የሚጻፈው ግን ከሌሎቹ ነበር ቢባል ግነት አይሆንም።

የመጀመሪያው ሐሳቡ ማንም አትክልት ቦታ ወርዶ የሚፈትነው ነው። አንድ የፖም ቀንበጥ ይያዝና ከታች ካለው ቅጠል ተነሥቶ ግንዱን እየዞሩ ወደ ላይ ይቆጠር። ሁለተኛው ቅጠል ከመጀመሪያው በላይ አይደለም፤ ዞር ብሏል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ስድስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ልክ ከመጀመሪያው ቅጠል አናት ላይ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግንዱ ሁለት ጊዜ ተዞሯል፤ አምስት ቅጠልም ታልፏል። ስለዚህ የፖም ቁጥር 2/5 ነው። የሌላው ተክል 1/2፣ 1/3፣ 3/8፣ 5/13 ሊሆን ይችላል። ከላይና ከታች ያሉትን ቁጥሮች ያስተዋለ ሰው 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 የሚሄደውን ሰንሰለት ያገኛል፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ቅጠል በዘፈቀደ አይበቅልም፤ በሒሳብ ይሰለፋል ማለት ነው። ካርል ይህን በ1830 አካባቢ ገለጠ። በ1831 ብራውን የጥድ ፍሬን ቅርፊት ቆጥሮ ሰፊ ጥናት አሳተመና ነገሩ በሰፊው የታወቀው በዚያ ጽሑፍ ሆነ።

ሁለተኛው ሐሳብ የበለጠ ግዙፍ ነበር፤ የበለጠም አቃጠለው። ካርል በባቫሪያ ደጋ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፉትን ትንንሽ አረንጓዴ ተክሎች፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ሞስ የሚሏቸውን፣ ሲመረምር ስለ ድንጋዮቹ ራሳቸው ማሰብ ያዘ። ከአካባቢው አለት ጋር የማይመሳሰሉ ቋጥኞች ሜዳ ላይ ተጥለዋል። ማን አመጣቸው? የዘመኑ ሰው የጥፋት ውኃ ይል ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቬኔትስና ሻርፓንቲየ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ የበረዶ ግግር ነው የገፋቸው ማለት ጀምረው ነበር። ካርል ነገሩን አሰፋው፤ ምድር ተራ በተራ ሞቃት ዘመንና የክረምት ዘመን ታሳልፋለች ብሎ በ1835 እና 1836 መካከል ባለው ክረምት ሙኒክ ውስጥ አስተማረ። በ1836 በጋ አጋሲ ቤክስ በምትባለው የስዊዘርላንድ ከተማ ከሻርፓንቲየ ዘንድ ሰንብቶ የግግሩን ዱካ በዓይኑ አየ፤ ካርልም ደርሶባቸው አብሮ መረመረ። ከዚያ ኖይሻቴል በአጋሲ ቤት ተቀምጦ በየካቲት 15፣ 1837፣ ልደቱ በሆነበትና የጋሊልዮም ልደት በሆነበት ቀን፣ አንድ ግጥም አሳትሞ አደለ። ርዕሱ የበረዶ ዘመን የሚል ነበር። ቃሉ ያን ቀን ተወለደ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ አጋሲ በኖይሻቴል የስዊስ የተፈጥሮ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ ስለ በረዶ ዘመን ንግግር አደረገ፤ አዳራሹ ተናወጠ። በ1840 ስለ ግግር ትልቅ መጽሐፍ ሲያወጣ የካርል ድርሻ በቅጡ አልተነገረበትም። ወዳጅነታቸው ተቆረጠ። ብራውንም እንደ ድሮው አልሆነለትም፤ አጋሲ ከብራውን እህቶች አንዷን ሲያገባ፣ ካርል ሌላዋን እህት አጭቶ እጮኝነቱ ፈርሷል። አጋሲ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሃርቫርድ ታላቅ ሰው ሆነ። ብራውን የበርሊንን የዕፅዋት አትክልት መራ። ካርል ፕሮፌሰር አልሆነም። ከ1845 ጀምሮ የባደን መስፍን በሚቆርጥለት ትንሽ ድጎማ፣ በኋላም ሽቬትሲንገን ተቀምጦ፣ እየጻፈ፣ ግጥም እየገጠመ፣ እየተማረረ ኖሮ በታኅሣሥ 1867 አረፈ።

አጋሲን ሌባ ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቻላል፤ ብዙዎች ዘግተውታልም። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። አጋሲ ግግር ላይ ድንኳን ተክሎ የለካ፣ ያሳተመ፣ የተከራከረ ሰው ነው። ካርል በቃል ሲያስተምር፣ በደብዳቤ ሲልክ፣ በግጥም ሲያድል ኖረ፤ ሳይንስ የሚጠይቀውን ከባድ መጽሐፍ ግን አልጻፈም። ትንሽ ወንድሙ ዓድዋ ላይ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቁጥር ሲጽፍ እሱ ኖይሻቴል ላይ ስም የሌለበት ሐሳብ ይበትን ነበር። በነገራችን ላይ፣ ትንሹ ወንድም የወጣበት የቧሒት ተራራም የበረዶ ዘመን ግግር የተኛበት ነው፤ ዱካውን የሰሜን ተራሮች ተመራማሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በዝርዝር አጥንተውታል።

የአጎታቸው ልጅ የስትራስቡርግ ቤት ከዚህ ሁሉ ሁከት የራቀ ነው፤ ስለዚህም ታሪኩ አጭር ነው። ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር በ1808 አልዛስ ውስጥ ተወለደ። ልክ ወንድማማቾቹ እንደጎደላቸው ዓይነት ሰው ነበር፤ ሥራ ይጀምራል፣ ይጨርሳል፣ ያሳትማል። ፊሊፕ ብሩክ ከሚባል መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆኖ የአውሮፓን ሞሶች አንድ በአንድ ሥሎ የሚገልጽ መጽሐፍ በ1836 ጀመረ፤ ብሩክ በመካከሉ ሞተ፤ ሥራው በ1855 ስድስት ጥራዝ ሆኖ አለቀ። ሺምፐር የስትራስቡርግ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊና የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚያ ወደ ቅሪተ አካል ዞሮ በ1869 እና 1874 መካከል የጥንት ዕፅዋትን ታሪክ ጻፈ። የመጨረሻው ጥራዝ ውስጥ የታዩት ቅጠሎች ከሚታወቁት ዘመናት በአንዱም የማይገቡ ሆነው ቢያገኛቸው ፓሌኦሴን የሚል አዲስ ዘመን አወጣላቸው። ዛሬ ጂኦሎጂስቶች ከ66 ሚሊዮን እስከ 56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለውን ጊዜ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። መጽሐፉን ሲጀምር ስትራስቡርግ የፈረንሳይ ነበረች፤ ሲጨርስ የጀርመን። እሱ ግን ከከተማው አልተነሣም።

ልጁ አንድሬአስ በ1856 እዚያው ስትራስቡርግ ተወለደ። ከአራቱ ሺምፐሮች በዛሬ ሳይንቲስት አፍ ይበልጥ የሚጠራው እሱ ነው። የአባቱን ትጋት፣ የአጎቶቹንም መንከራተት አንድ ላይ የወረሰ ይመስላል። ወጣት ሳለ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ የካሪቢያን ደሴቶችን አየ፤ በኋላ ብራዚል፣ ሲሎንና ጃቫ ሄደ። ቦን ላይ ፕሮፌሰር ሲሆን ሽትራስቡርገር ከሚባለው ሊቅና ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የዕፅዋት መማሪያ በ1894 ወጣ፤ ያ መጽሐፍ እየታደሰ ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ሲታተም ኖሯል።

በ1883 ገና በወጣትነቱ በቅጠል ሕዋስ ውስጥ ያሉትን አረንጓዴ እንክብሎች መረመረ። የፀሐይን ብርሃን ይዘው ምግብ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ክሎሮፕላስቲድ አላቸው፤ ስሙ በኋላ ክሎሮፕላስት ሆነ። አንድ ነገር አስገረመው። ሕዋሱ ከባዶ አይፈጥራቸውም፤ ራሳቸው እየተከፈሉ ይባዛሉ። ከዚህ ተነሥቶ በዚያው ጽሑፍ ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ አንድ ሐሳብ ጣል አደረገ፤ አረንጓዴ ተክል ምናልባት ቀለም የሌለው ፍጥረትና አረንጓዴ ፍጥረት በአንድ አካል ውስጥ ተስማምተው መኖር ጀምረው የተገኘ ሊሆን ይችላል ብሎ። ሐሳቡን በ1905 ሩሲያዊው ሜሬሽኮቭስኪ አንሥቶ አሰፋው፤ ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። በ1967 አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ እንደገና ስታነሣው ከብዙ ክርክር በኋላ አሸነፈ። ዛሬ ባዮሎጂስት ሁሉ ክሎሮፕላስት ድሮ ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ዘር ነው ይላል። የካርል ዓይነት ዕጣ እዚህም ብቅ አለ፤ ትልቁ ሐሳብ የተቀመጠው ማንም በማያነብበት ቦታ ነው። ልዩነቱ አንድሬአስ በሌሎች መጻሕፍት መታወቁ ነው።

ከእነዚያ መጻሕፍት ዋነኛው በ1898 የወጣው የዕፅዋት ጂኦግራፊ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ካርታዎች በብዛት የት ምን እንደሚበቅል ይናገሩ ነበር፤ አንድሬአስ ለምን ብሎ ጠየቀ። ውኃ፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ አፈር በቅጠሉ ላይ የሚያደርጉትን ተከተለ። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማያጣውን፣ ቅጠሉ የማይረግፈውን፣ ሐረግና በዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል የሞላበትን ደን የሐሩር ዝናብ ደን ብሎ የሰየመው እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያን መጽሐፍ ባወጣበት ዓመት ቫልዲቪያ በተባለችው የጀርመን የጥልቅ ባሕር መርከብ ተሳፈረ። በጉዞው ላይ ወባ ያዘው። በባዝል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቢሾምም ጤናው አልተመለሰም፤ በመስከረም 1901 በ45 ዓመቱ ሞተ።

በማዕረግ ቢለካ የዓድዋው ሺምፐር ከአራቱ መጨረሻ ነው። ዘመን አልሰየመም፤ ንድፈ ሐሳብ አላመነጨም። በዕፅዋት ስም ላይ ግን ከሦስቱም የሚወዳደረው የለም። ሻይ ላይ ጣል የሚደረገው፣ በሸዋና በባሌ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰውየው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካርል ሮኒገር የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው እንቆቆ ኢምቤሊያ ሺምፔሪ ነው። ሰሳ የሚባለው ትልቅ የጥላ ዛፍ አልቢዚያ ሺምፔሪያና ነው። መረንዝም አኮካንተራ ሺምፔሪ ይባላል፤ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከእሱ የፍላጻ መርዝ ያወጣሉ፤ በ2011 ተመራማሪዎች እንደደረሱበት ደግሞ አንድ ባለ ጎፈር የአፍሪካ አይጥ ቅርፊቱን አኝኮ መርዙን በጎኑ ፀጉር ላይ እየቀባ ከአዳኝ እንስሳ ራሱን ይከላከላል።

ከሰውየው ስም ሌላ ቦታዎቹም በስሞቹ ውስጥ ቀርተዋል። ሳማ የሚባለው፣ እጅን የሚያቃጥለው ተክል ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፤ የሰሜን ማለት ነው። ኮሴረት ሊፒያ አዶኤንሲስ ነው፤ የዓድዋ። ክትፎ ውስጥ የሚገባውን ቅቤ የሚያሸቱበት ኮሴረት የዓድዋን ስም ተሸክሞ ጉራጌ ጓሮ ውስጥ ይበቅላል። ብዙዎቹን ስሞች ያወጣው የኤስሊንገኑ ቄስ ሆክሽቴተር ነው፤ የሰየማቸውን ተክሎች የሚያውቃቸው ሺምፐር አድርቆ ከላከለት ወረቀት ነው።

እያንዳንዱ የዕፅዋት ስም አንድ መነሻ ናሙና ሊኖረው ግድ ነው። ሁለት ተመራማሪዎች ይህ ተክል ጦስኝ ነው አይደለም ብለው ቢከራከሩ ዳኛው መጽሐፍ አይደለም፤ ስሙ ሲወጣ በእጅ የነበረው ያ አንዱ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው። ከሺምፐር ወረቀቶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ዳኞች ናቸው። በመጋቢት 1943 መጀመሪያ ሌሊት የበርሊን ዳሌም የዕፅዋት መዘክር በአየር ድብደባ ሲቃጠል ለዚህ ሥራ ትልቅ አደጋ ነበር፤ እዚያ ከነበሩት የሐበሻ ወረቀቶች ብዙዎቹ አመድ ሆኑ። የሺምፐርን ሥራ ያዳነው ያ የኤስሊንገን የመዋጮ ንግድ ነው። ከአንድ ዛፍ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ለብዙ ከፋይ ተከፋፍሎ ስለነበር የበርሊኑ ቢቃጠል የፓሪሱ፣ የኪው፣ የሽቱትጋርቱ ወንድሙ ቀረ። የገንዘብ ጉዳይ ብሎ የተጀመረ ነገር የሳይንስ መጠባበቂያ ሆነ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ከ1980 ጀምሮ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ2009 ሲጠናቀቅ ስምንት ጥራዝ ሆኗል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁትን ያን ሥራ የገለጠ ሰው የሺምፐርን ስም ተክሉ ከተለቀመበት ቦታና ከናሙናው ቁጥር ጋር ደጋግሞ ያገኘዋል።

የዓድዋው ሺምፐር ራሱ የጻፈውም አለ። ከ1864 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ አፈርና አለት፣ ስለ ሰዉም ኑሮ በጀርመንኛ የጻፈው የእጅ ጽሑፍ ለንደን በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ሳይታተም ከ100 ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ውስጥ ተክሎቹ በላቲን ስም ብቻ አይቆሙም፤ የአገሩ ሰው ምን እንደሚላቸው፣ ለምን እንደሚጠቀምባቸውም አለ። ይህን የነገረው ሰው መኖሩ ግልጽ ነው፤ ሺምፐር ቋንቋውንም፣ የቅጠሉንም ጥቅም ይዞ አልመጣም። በታተመው የላቲን ምልክት ላይ ግን የለቃሚ ስም የሚጻፍበት መስመር አንድ ነው፤ መንገድ ለመራው፣ ቅጠሉን በስሙ ጠርቶ ለሰጠው፣ ጭነቱን ምጽዋ ላደረሰው ሰው መስመር የለም። የእጅ ጽሑፉ በ2015 በለንደኑ የጀርመን የታሪክ ተቋም በኩል ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በኢንተርኔት ወጥቷል፤ የሶሎዳንና የቧሒትን ወረቀቶች ፎቶ የሚፈልግም ሰው የፓሪስን ወይም የኪውን የመረጃ ቋት ከፍቶ በሺምፐር ስም ሊፈልጋቸው ይችላል፤ ሲፈልግ ግን ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ።